ቡና ሄደ፣ በርበሬ መጣ

የካሪቢያንን ምግብ ለመቅመስ የተመኘ ኢትዮጵያዊ አትላንቲክን መሻገር የለበትም፤ ሻሸመኔ ድረስ መሄድ ይበቃዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ በዓለም ዙሪያ ለሚኖሩ ጥቁሮች 5 ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር መሬት የሰጡት እዚያ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ከሞንትሰራት ደሴት የተነሡት ሄለንና ጄምስ ፓይፐር የተባሉ ባልና ሚስት ይገኙበታል። ጃማይካውያኑ በብዛት የመጡት ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1966 ኪንግስተንን ከጎበኙ በኋላ ነው። ዛሬ የባጃጅ ሾፌር «ጃማይካ» ሲሉት የትኛውን ሰፈር እንደሆነ አይጠይቅም።

ወደ ከፋ የሚያቀና አንድ ተጓዥ ምሳውን የበላው እዚህ ሰፈር ነው። ከቀይ ቦሎቄ ጋር በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ፣ ጎኑ ላይ የተጠበሰ ሙዝ፣ በጦስኝ የበሰለ ጥቅል ጎመንና ካሮት ቀረበለት። ሥጋ የለውም። ከሰፈሩ ራስተፈሪያን ብዙዎቹ «አይታል» በሚሉት የአመጋገብ ሥርዓት ይኖራሉ፤ ሥጋ አይነኩም፣ ጨው የማይጨምሩም አሉ፣ ከፋብሪካ የወጣ ነገር ይሸሻሉ። ረቡዕና ዓርብ ሲጾም ላደገ ሰው ሳህኑ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዳው ጦስኙ ነው፤ አበሻ ሻይ ውስጥ የሚጨምረውን እነሱ ሩዝና ጎመን ውስጥ ይከቱታል።

ተጓዡ ስለ ጀርክ ጠየቀ። የጃማይካ የመንገድ ዳር ምግብ ንጉሥ እሱ እንደሆነ አንብቧል። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ጺማቸውን እያሻሹ ሳቁ። «ዶሮ ከሆነ አንድ ቀን ይሠራልሃል። አሳማውን ግን እርሳው፤ እኛ አሳማ አንበላም።»

ጀርክ ደግሞ የተጀመረው በአሳማ ነው፤ ያውም በዱር አሳማ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1655 ጃማይካን ከስፔኖች ሲቀሙ ብዙ ባሪያዎች ወደ ተራራው አመለጡ። ማሩን የሚባሉት እነዚህ ሸማቂዎች በደሴቲቱ ቀደምት ነዋሪዎች በታይኖዎች ብልሃት ላይ የራሳቸውን እየጨመሩ የዱር አሳማ አደኑ። ሥጋውን ጨውና ቅመም አሽተው፣ ፒሜንቶ በተባለው የአገሩ ዛፍ እንጨት ላይ ዘርግተው፣ በቅጠል ሸፍነው በዝግታ አበሰሉት። እንዲህ የተዘጋጀ ሥጋ ቶሎ አይበላሽም፤ ከጠላት ለሚሸሽ ሰው ደህና ስንቅ ነው። እንግሊዞች ሊያሸንፏቸው ባለመቻላቸው እ.ኤ.አ. በ1739 ከማሩኖች ጋር የሰላም ውል ተፈራረሙ። ከሸማቂዎቹ መሪዎች አንዷ ናኒ ዛሬ የጃማይካ ብሔራዊ ጀግና ናት። የሸማቂዎቹ ስንቅም ከተራራ ወርዶ፣ ለሁለት በተሰነጠቀ የዘይት በርሜል ላይ እየተጠበሰ በኪንግስተን መንገዶች ይሸጣል፤ ለንደን በኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ቀን ጭሱ ሰፈሩን ሁሉ ያውዳል። የጫካ ሰዎች ምግብ የነበረው ነገር የአገር መታወቂያ ሆኗል።

ይህ ታሪክ ተጓዡን እስከ ከፋ ተከተለው። ከሻሸመኔ በሶዶ፣ በኦሞ ሸለቆና በዳውሮ ተራሮች አልፎ ጅማ የሚያደርሰው መንገድ አገሩን ሁሉ ያሳያል። ሶዶ አካባቢ ካሳቫና ስኳር ድንች፣ ኦሞ ሲደረስ ግራር ብቻ፣ ከፍ ሲባል ጤፍና ገብስ። ከጅማ በኋላ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል። ጎጀብን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጡ አየሩ ይለወጣል፤ እርጥበቱ ይከብዳል፣ ጫካው ወደ መንገዱ ይጠጋል፣ ከየቤቱ ጀርባ የእንሰት ቅጠል ብቅ ይላል። ትልልቅ ዛፎች ላይ፣ አንገት ቀና ካላደረጉ በማይታዩበት ከፍታ፣ የተሰቀሉ የንብ ቀፎዎች አሉ። ዩኔስኮ ይህን አገር እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል፤ ስፋቱ 760 ሺህ ሄክታር ያህል ነው።

አዲስ አበቤ ቦንጋን የሚያውቃት በቡና ነው። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራውም እዚያው ነው፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የማንኪራ ጫካ አለ፣ ሰዎቹ የቡና እናት እዚያ እንደበቀለች ይናገራሉ። ገበያው ግን ለቡና ብቻ የተተከለ አይደለም። በገበያ ቀን ከየገጠሩ የወጣው ሕዝብ ዳገቱን ሞልቶት ይውላል። በአንድ ረድፍ ማር በባልዲና በጀሪካን ተደርድሯል፣ ቀጥሎ ቅቤ፣ ቀጥሎ ዝንጅብል፣ ትምዝና እንደ መቁጠሪያ በገመድ የተሰካ ኮረሪማ። ቆጮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከዳር ደግሞ ምግብ ሻጮቹ በሦስት ጉልቻ ላይ ምጣዳቸውን ጥደዋል።

የቆጮ ጋጋሪዋ ሴትዮ እጅ ሲታይ ውሎ አይጠገብም። ከጥቅልሉ ቆንጥራ ያወጣችውን ሊጥ ጣውላ ላይ አድርጋ በቢላ ደጋግማ ትከትፈዋለች፤ ቃጫው ካልተቆረጠ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ቀጥላ በሁለት እጇ ጨምቃ ውሃውን ታወጣዋለች። ቀድሞ እንሰቱ ተፍቆ ሲጨመቅ ደግሞ ጭማቂው ቆይቶ ሲረጋ ከታች የሚቀረው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው፣ አይጣልም። ሊጡን በኮባ ቅጠል ላይ በስሱ ትዘረጋና በሌላ ቅጠል ሸፍና ምጣዱ ላይ ታሳርፈዋለች። ተገላብጦ ሲበስል ቅጠሉ ተልጦ ይወጣል፤ የቅጠሉ መስመሮች ቂጣው ላይ ታትመው ይቀራሉ። «ትኩሱን ብላ ልጄ፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቅብሃል» ብላ ቆርሳ፣ አይብና ጎመን ጣል አድርጋ ሰጠችው። ሽታው የእርሾ ሽታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ያንን ያስተውላል፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ይረሳዋል።

ጃማይካውያን ባሚ የሚሉት ቂጣ አላቸው። የሚሠራው ከካሳቫ ነው። ታይኖዎች መራራውን ካሳቫ ፈቅፍቀው፣ መርዛማ ጭማቂውን ጨምቀው አውጥተው፣ በሸክላ ምጣድ ላይ ይጋግሩት ነበር፤ ዛሬም የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጥበት የባሕር ዳርቻ ሁሉ ባሚ አይጠፋም። የከፋ ሴትና የታይኖ ሴት ተገናኝተው አያውቁም። ሁለቱም ግን ለእህል በማይመች እርጥብ አገር፣ ከሥርና ከግንድ ምግብ ለማውጣት መፋቅ፣ መጭመቅና በምጣድ ማብሰል የሚባል ያንኑ መንገድ አገኙ። ልዩነቱ እንሰት መብላላት የሚፈልግ መሆኑ ነው፤ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት ይቀበራል። ጎተራ የሌለው ገበሬ ክረምቱን የሚያልፈው በጉድጓዱ ነው።

ጎደሬው ደግሞ ከቆጮው አጠገብ በድስት ተቀቅሎ ይሸጣል፣ ከነልጣጩ። ልጦ፣ ዳጣ ነክሮ መብላት ነው። በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ስለሚያሳክክ ሻጮቹ አይቸኩሉም። ይኸው ጎደሬ በትሪኒዳድ ዳሺን ይባላል፤ ቅጠሉ ከኮኮናት ወተት ጋር ተቀቅሎ ካላሉ የሚባለው ወጥ ይሆናል። ከፋ ሥሩን ይበላል፣ ትሪኒዳድ ቅጠሉንም ያበስላል። ትሪኒዳድ የገበያ ምግቧን ያበለጸገችው ከሕንድ ነው፤ ባርነት ከተሻረ በኋላ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ሕንዳውያንን በውል ሠራተኛነት ወደ ሸንኮራ እርሻ አምጥተው ነበር። «ደብልስ» የሚሉት፣ በሁለት ቀጫጭን ጥብስ ቂጣ መካከል በካሪ የተሠራ ሽምብራ የሚታጠፍበት ቁርስ የእነሱ ትሩፋት ነው። ሽሮ የሚወድ አበሻ ለደብልስ ሰልፍ ቢቆም ማንም አይገረም።

የዳጣው ቃሪያ ግን ከፋ ያበቀለው አይደለም። በርበሬ የትውልድ አገሩ የአሜሪካ ምድር ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1493 ከካሪቢያን ደሴቶች ወደ ስፔን ሲመለስ ከጫናቸው ነገሮች አንዱ ነበር፤ ከዚያም በንግድ መርከብ እየተቀባበለ አፍሪካና እስያ ደረሰ። በቆሎ፣ ካሳቫ፣ ስኳር ድንች፣ ቦሎቄ፣ ዱባ ሁሉ የዚያው ምድር ልጆች ናቸው። ያለ በርበሬ የሚኖር ማድቤት ለዛሬው ኢትዮጵያዊ የማይታሰብ ነገር ነው፤ ከፋቾ የሚባለው የቀድሞው የከፋ ሰው ግን ምግቡን የሚያቃጥለው በትምዝ፣ በዝንጅብልና በኮረሪማ ነበር። እነዚህ ዛሬም ገበያው ውስጥ ከበርበሬው ጎን አሉ። ተጓዡ ትምዝ አንስቶ ቢነክስ መጀመሪያ የሚሰማው የእንጨት ጣዕም ነው፤ ቆይቶ ምላስ ላይ ቅዝቃዜና ቃጠሎ አብረው ይመጣሉ። የጃማይካው ስኮች ቦኔት ቃሪያ የሚመታው በአንድ ጊዜ ነው፤ ትምዝ ይዘገያል።

በርበሬ ወደዚህ ሲመጣ ቡና ወደዚያ ሄዷል። መንገዱ ረጅም ነው። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የወጣው ቡና የመን ላይ በእርሻ ለማ። ከየመን የወጣውን ደቾች ጃቫ ተከሉት፤ ከጃቫ የተወሰደ ተክል እ.ኤ.አ. በ1706 አምስተርዳም ገባ። የአምስተርዳም ከንቲባ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አንድ ችግኝ ሰጡ። ከፓሪስ የንጉሡ አትክልት ስፍራ ችግኝ ይዞ በ1720ዎቹ ወደ ማርቲኒክ የተሳፈረው ገብርኤል ደ ክሊዮ የተባለ መኮንን ነው፤ መርከቡ ውሃ ሲያጥረው ድርሻውን ለችግኙ ያካፍል እንደነበር ራሱ ጽፏል። ጃማይካ ቡና የደረሳት በ1728 ነው። ዛሬ በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የብሉ ማውንቴን ቡና የዚህ ጉዞ ውጤት ነው።

የጉዞው ሌላ ገጽ ደስ አይልም። የዛሬዋ ሄይቲ የያኔዋ ሴን ዶሚንግ እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ መጨረሻ ከዓለም ቡና ግማሽ ያህሉን ታመርት ነበር፤ የሚተክሉትም የሚለቅሙትም ባሪያዎች ነበሩ። በ1791 ተነሥተው አብዮት አደረጉ። ጃማይካ የነበሩ ባሪያዎችም ጌቶቻቸው ለምግባቸው በሚተዉላቸው ቁራሽ መሬት ላይ ጎደሬ፣ ቦዬና ቃሪያ እያበቀሉ፣ የተረፋቸውን በእሑድ ገበያ ይሸጡ ነበር። የካሪቢያን የገበያ ምግብ ዛሬ የሚያስቅና የሚያስጨፍር ቢሆንም ሥሩ የእሑድ ገበያ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለራሱ የሚሠራ ሰው ገበያ።

ቦንጋም ከዚህ የባርነት ታሪክ ውጭ አይደለችም። ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843፣ ካቶሊካዊው ሚሲዮናዊ ማሳያ ደግሞ ከ1859 ጀምሮ ሲመጡ የከፋ መንግሥት በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር ጠንካራ አገር ነበር። ያኔ የሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ቦንጋ ይመጣል፤ ዝባድ፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ኮረሪማና ቡና ይዞ ይመለሳል። ባሪያም ይዞ ይመለሳል። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርኮ መንግሥቱ ሲያበቃ የባሪያ ፍንገላው አብሮ አላበቃም። የቦንጋን ገበያ በቡናዋ ብቻ የሚያሞግስ ጽሑፍ ግማሹን ታሪክ ይተዋል።

ከሰዓት በኋላ ተጓዡ በላስቲክ በተሠራ ዳስ ሥር ቡና ጠጣ። ቡናዋን የምታፈላው ወጣት ጀበናውን ከከሰሉ ላይ ስታነሣ ጤና አዳም ስኒው ውስጥ ጣል አደረገች። ጎኑ የተቀመጠው የአካባቢው መምህር በየገጠሩ ጨሞ እንደሚጠጣም ነገረው፤ የቡናው ቅጠል ተወቅጦ ከዝንጅብል፣ ከቃሪያና ከሌላ ቅመም ጋር ይፈላል፣ ለቁርስም ለድካምም ይሆናል። ፍሬውን ዓለም ወሰደው፤ ቅጠሉ ግን እዚሁ ቀርቷል።

በዚህ መካከል እንጨት በጀርባዋ ያዘለች ሴት መጣች። ሸክሟን ዳሱ ደጃፍ አራግፋ ከባለ ቡናዋ ጋር ዋጋ ተነጋገሩ፣ ተስማሙ፣ ከዚያም ስኒ ተቀዳላት። መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማንጆ ናት» አለ። «በአያቶቻችን ጊዜ ቢሆን ይህን ስኒ አትነካም ነበር።»

ማንጆዎች በከፋ የጫካው ሰዎች ናቸው። በመንግሥቱ ዘመን የንጉሡ አዳኞችና የድንበር በሮች ጠባቂዎች ነበሩ፤ እስከ ዛሬም ብዙዎቹ ከሰልና እንጨት ሸጠው ይኖራሉ። ከሌላው ከፋቾ ግን ተለይተው ኖረዋል። ሌላው ሰው ቤት አይገቡም፣ በአንድ ገበታ አይቀመጡም፣ ጋብቻማ የማይነሣ ነገር ነበር። ለምን ሲባል የሚሰጠው መልስ የምግብ ነው፤ ከርከሮና ጉሬዛ ይበሉ ነበር ይባላል። አብዛኞቹ ክርስትና ተቀብለው ይህን ከተዉ ቆይተዋል። ሰዉ ግን በአያቶቻቸው ገበታ ይፈርድባቸዋል።

ተጓዡ ሻሸመኔ ላይ የሰማውን ጀርክ ያሰበው ያኔ ነው። በአንዱ ተራራ የዱር አሳማ ያደኑ ሰዎች የነፃነት አርበኞች ተብለው ምግባቸው የአገር ኩራት ሆነ። በሌላው ጫካ የዱር አሳማ ያደኑ ሰዎች ስኒ ተከለከሉ። ሥጋውን አለመብላት የእምነት ነገር ነው፤ የሻሸመኔው ሽማግሌም አይበሉም፣ ተጓዡም አይበላም፣ ማንም እንዲበላ አይገደድም። ሽማግሌው ግን አሳማ የሚበላውን ጃማይካዊ ወንድማቸውን ከገበታ አያስነሡም። ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምግብን መለየት አንድ ነገር፣ በምግብ ሰውን መለየት ሌላ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን አምታተን የኖርነው ከማንጆ ጋር ብቻ አይደለም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ብረት ቀጥቃጩን «እጁ ያደረገውን አንበላም» ያላልንበት አውራጃ ጥቂት ነው። ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ ግን እንጋግራለን።

ተጓዡ መምህሩን «እህትህን ማንጆ ቢጠይቃት?» አለው። መምህሩ ሳቀ፣ ስልኩን አወጣ፣ ስለ ኔትዎርኩ መጥፎነት ተናገረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ራሱ ተመለሰበት። «ተማሪዎቼ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ምሳ አብረው የሚበሉም አሉ። እኛ ያን አላየንም» አለ። ስኒ ከጋብቻ እንደሚቀድም ሁለቱም ተስማሙ።

በገበያው መውጫ ልጆች በቆሎ ይጠብሳሉ፤ ጃማይካም በየመንገዱ እንዲህ ይጠበሳል። ከዚያ መጥቶ እዚህ ያገር ልጅ የሆነውን በቆሎ ማንም «የማነህ» አላለውም። በርበሬውንም አላለውም። እንግዳ ተክልን በዚህ ፍጥነት ቤተኛ ያደረገ ገበያ፣ በጫካው የኖረ የራሱን ሰው ቤተኛ ለማድረግ ይህን ያህል መዘግየቱ የሚያስወቅሰው ነው።

ቦንጋ የሚሄድ አንባቢ የቡና ሙዚየሙን ይጎብኝ፣ ማንኪራም ይድረስ። ከተቻለው ግን የገበያ ቀን ይምረጥ፤ ቆጮውን ትኩሱን ይብላ፣ ትምዝ ይግዛ፣ ጨሞ ካገኘ አይለፈው። ቡና ሲያዝም ዳሱ ደጃፍ እንጨቷን ያራገፈች ሴት ካለች ለሁለት ይዘዝ፣ ከጎኑም ቦታ ይልቀቅላት።